ባለ ጃንጥላው ንጉሥ

እሑድ፣ ጥቅምት 13

የፊልሙን ምርጥ ቦታ አበላሹብኝ። ቤት እንደገባሁ ነው ደብተሩን የከፈትኩት። ከንዴት ነው። ፍርሃትም ሳይኖርበት አይቀርም፤ መጀመሪያ ግን ንዴቱን ላውጣው።

ስንጠብቀው የከረምነው ትልቁ ፊልም ዛሬ ተጀመረ። አሥራ ሁለት ጥቅል ነው። አንድ የሮማ ጦር አዛዥ ባሕር ተሻግሮ ከአንድ የአፍሪካ ንጉሥ ጋር ይዋጋል። እኔ እንደ ወትሮዬ ከሸራው ጎን ቆሜ፣ ዱላዬን ይዤ፣ በጣሊያንኛ የሚባለውን በአማርኛ እየጮኽኩ ለሰዉ አስረዳለሁ። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ፣ እኔ ይህን ሥራ ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ። ለእኛ ለአገሬው ሰው የተፈቀደልን ከቂርቆስ በታች ያለው የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። የነሱ ሲኒማ ሌላ ነው፣ በበሩም አናልፍም።

ሰው ይታዘበኛል። የጠላት ሲኒማ ትወዳለህ ይሉኛል። አዎ፣ እወዳለሁ። ባልወደው መች እንዲህ እናደድ ነበር።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀምጥ። መርከቦቹ፦ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ማዕበሉ ፊቴን የረጨኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ዝሆኖቹ፦ እውነተኛ ናቸው፣ አቧራው እውነተኛ ነው። የሌሊቱ ሰፈር፣ ሺህ እሳት። መጥፎው ደግሞ፦ የሮማው አዛዥ። ግንድ ነው። አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ ይቆማል፣ ይናገራል፣ እንደገና ይሰቅላል። የደራሲው ጥፋት ነው፤ ለአዛዡ አንድም ጭንቀት አልሰጠውም። የማይፈራ ሰው ሲዋጋ ምን ልብ ያንጠለጥላል?

የጠላቱ ንጉሥ ግን፣ እሱስ ተዋናይ ነው። በዓይኑ ብቻ ነው የሚጫወተው። ሰባተኛው ጥቅል ላይ ከድንኳኑ ይወጣል። ሽማግሌ አሽከሩ ከራሱ በላይ ትልቅ ባለዘርፍ ጃንጥላ ዘርግቶለታል። ከፊቱ ዝሆኖቹ ተሰልፈዋል። የፊልሙ ሁሉ ጫፍ እዚህ ላይ ነው። ዝም ብዬ ሰዉ እንዲያይ ፈቀድኩ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማውራት ነውር ነው።

ይሄኔ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ።

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። የጎረቤታችን እትዬ የሺ እጅ ነሥተው ጎንበስ አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ባለዘርፍ ጥላ ሲመጣ ቁጭ የሚል ሰው እኛ አገር የለም፤ ከሥሩ ወይ ታቦት ነው ወይ ንጉሥ ነው። ጃንሆይ ከሄዱ ወዲህ ደግሞ ከታቦት ጥላ በቀር ማን ምን አየ። ግን የጠላቱ ንጉሥ ነው እኮ የተነሡለት። ማሽኑን የሚያዞረው ግሪክ ደንግጦ አቆመው፣ መብራት በራ፣ የሲኒማው ባለቤት ሲኞር ብሩኖ ፊቱ አመድ መስሎ ሮጦ ገባ። ሰዉን በዱላ አስወጡት። አምስት ጥቅል ሳይታይ ቀረ።

አንድ ነገር ለዚህ ደብተር ብቻ እናገራለሁ። መብራቱ ሲበራ የእኔም ባርኔጣ እጄ ላይ ነበር። መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ተጠራሁ። ፊልም የሚቆጣጠረው ሹም ቢሮ ሁለት ሰዓት አቁመው አቆዩኝ። ሹሙ ቀጭን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይጮኽም። ቢጮኽ በወደድኩ።

ምን ብለህ አስነሣሃቸው አለኝ። ምንም አላልኩም፣ እዚያ ቦታ ላይ ዝም ነው ያልኩት አልኩት። ዝም ብለህ አስነሣሃቸዋ አለኝ። የጥላውን ልማድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። ሰማኝ። ከዚያ፣ እሺ፣ እሑድ ይኸው ፊልም በድጋሚ ይታያል፣ እኔ ራሴ መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ጃንጥላው ሲመጣ አንድ ሰው ከመቀመጫው ቢነሣ አንተ በማግስቱ ወደ ሶማሌ በረሃ ትጫናለህ አለኝ። ወደዚያ ከተጫኑት ከሰፈራችን የተመለሰ አላየሁም።

ሰው እንዳይመጣ ባደርግስ ብዬ በሆዴ አሰብኩ። ሐሳቤን ያነበበው ይመስል፣ አዳራሹ ባዶ ከሆነም ያው ነው አለ።

በመጨረሻ ወረቀት ሰጠኝ። ከእንግዲህ ከራሴ አልናገርም፤ ይህን ወደ አማርኛ መልሼ አነባለሁ። መንገድ ላይ ቆሜ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ቆሽቴ ያረረው። የመጨረሻው ጥቅል ላይ እንዲህ ይላል፦ «ንጉሡ ጃንጥላውን ጥሎ ከአዛዡ እግር ሥር ወደቀ።»

ውሸት ነው። ቅዳሜ ለልምምድ ከግሪኩ ጋር ብቻችንን እስከ መጨረሻው አይተነዋል። ንጉሡ አይወድቅም። ሽማግሌ አሽከሩ በፍላጻ ተመትቶ ሲወድቅ ንጉሡ ጎንበስ ብሎ ጃንጥላውን ያነሣና በገዛ እጁ ይዞ ይቆማል። ለራሱ ጥላ የያዘ ንጉሥ። ጦሩ አልቋል፣ ዝሆኖቹ ሸሽተዋል፣ እሱ ቆሟል፣ ፊልሙም እዚያ ያልቃል። የሠሩት ሰዎች ሊያሳንሱት ፈልገው ይሆናል፤ ተዋናዩ ግን እምቢ ብሏቸዋል። ተመልሼ ገብቼ ይህን ለሹሙ ነገርኩት። ምን አቅብጦኝ እንደሆነ እንጃ። ፊልሙን የሠራኸው አንተ ነህ ወይ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ወርኃዊው ቂርቆስ ነው። አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነገርኳት። ሚስቴ ሲኒማ ረግጣ አታውቅም፤ እንደ እናቷ «ሰይጣን ቤት» ነው የምትለው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አጣጥፋ፣ «ከሰይጣን ቤት ሌላ ምን ጠብቀህ ነበር?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሥራዋ ካዛንቺስ ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ ለአንዲት ሲኞራ ልብስ ትተኩሳለች። ሲኞራዋ በየሳምንቱ የሚመጣላት፣ ልብ ወለድ በተከታታይ የሚወጣበት መጽሔት አላት፣ አንብባ ስትጨርስ ለእሳት ማያያዣ ትጥለዋለች። አስካለ ከጉያዋ ሥር ይዛልኝ ትመጣለች። ሲኒማን እየረገመች ልብ ወለዱን ታመጣልኛለች፤ ወረቀት ሰይጣን የለበትም መሰለኝ።

ልብ ወለዱን በተመለከተ ከአስራ አንድ ሳምንት በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። የሚላኖ መሐንዲሶች በፀሐይ ብርሃን በሚነዳ መርከብ ወደ ቀይዋ ኮከብ ይሄዳሉ። መርከቧ ድንቅ ናት። ሸራዋ ከመስተዋት ነው፣ ብርሃን እንደ ንፋስ ይገፋታል። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ። ኮከቧ ላይ የሚወርደው ውርጭ፣ ሁለቱ ጨረቃዎች፣ በመሬት ውስጥ የሚፈሰው ወንዝ፣ ሁሉም ያምራል። ሰዎቹ ሲመጡ ግን ሁሉ ነገር ይበላሻል። የኮከቧ ሰዎች ሦስት ሦስት ዓይን አላቸው። መርከቧ ስታርፍ አበባ ይዘው ይወጣሉ። መንገድ ሥሩልን ይላሉ። ሦስት ዓይን ያለው ፍጡር አንደኛው ዓይኑ እንኳ እንዴት አይጠረጥርም? ደራሲው ከመርከቧ አንዲት ብሎን ሳይረሳ የሰዎቹን ልብ ረሳው። ወይም አልረሳውም፣ ሆን ብሎ ነው።

ይህን ሁሉ ለልብስ ሰፊው ለከማል ነገርኩት። ሱቁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው፣ ከእኔ እኩል ሲኒማ የሚወድ ሰው ከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ይከራከረኛል። ዛሬ ግን ማሽኑን አቁሞ፣ «ታዴ፣ ኮከቡን ተወውና እሑድን አስብ» አለኝ። ተናደድኩበት። ስለ እሑድ ላለማሰብ ነበር የሄድኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ። ጃንጥላው ሲመጣ አትነሡ፣ እባካችሁ። የፊልምን መካከል ላላየ ሰው አስቀድሞ መንገር ከኃጢአት የሚቆጠር ነው፤ ዛሬ ሃያ ጊዜ ሠራሁት።

ያሉኝን ልጻፈው።

ጠጅ ቤት ያሉት ጋሽ ወርዶፋ፦ «እኔ አልተነሣሁም። እግሬ ነው የተነሣው።»

ወፍጮ ቤት ያለችው ሴት፦ «ታዲያ ጥላ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ልይ? እናቴ ምን ትለኛለች?» እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።

እትዬ የሺ፦ «ልጄ፣ እኔ ለጥላው ነው የቆምኩት። ከሥሩ ማን እንዳለ መች አየሁት።» ታቦት አይደለም እኮ እትዬ፣ ፊልም ነው፣ ጃንጥላውም ለፀሐይ ነው አልኳቸው። «ይሁን» አሉ። ለአንተ ስል እቀመጣለሁ እንደሚሉት ያለ «ይሁን» አይደለም። የማውቀው «ይሁን» ነው፤ በራሳቸው መንገድ የሚሄዱ ሰዎች የሚሉት።

ሁሉም እሺ አሉኝ። አንዳቸውንም አላመንኩም። እኔ ራሴ፣ አስቀድሜ አይቼው፣ ባርኔጣዬን ያወለቅኩ ሰው እነሱን ምን ብዬ ላምን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ወረቀቱን ተርጉሜ ጨረስኩ። ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ ጻፍኳት። «ጥሎ» የምትለው ላይ እጄ ይቆማል። ለአንድ ፊልም ይህን ያህል መብገን ምንድን ነው ይሉኝ ይሆናል። ግን አገሩን ሲወስዱ ዝም አልኩ፣ አስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ሲዘጉ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ሰው በገዛ ዓይኑ እያየ ያላየውን አየህ በለው ይሉኛል።

ማታ ቤት ስገባ ከበሩ ኋላ ከረጢት ተቀምጧል። ከፈትኩት። ጋቢዬ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ወፍራሙ ካልሲዬ። አስካለ ለበረሃው አዘጋጅታልኛለች። አንድም ቃል አልነገረችኝም። በረሃ ላይ ወፍራም ካልሲ ምን ያደርጋል ብዬ ጮኽኩባት። ሌሊት ይበርዳል አሉ አለች። ከማን እንደጠየቀች አልጠየቅኳትም። ወጥቼ ደጅ ቆሜ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

አስካለ የመጽሔቱን አዲስ ክፍል አመጣች። የልብ ወለዱ ማለቂያ ነው። ምነው ባላመጣችው።

መርከቧ ትሰበራለች። መሐንዲሶቹ ሊሞቱ ነው። ባለሦስት ዓይኖቹ፣ መንገድ በመሥራት ግማሾቹ ያለቁት እነዚያው፣ ይሰበሰቡና መርከቧን ጠግነው፣ መስተዋቱን ወልውለው፣ እያለቀሱ ይሸኟቸዋል። ቶሎ ተመለሱ ይሏቸዋል። መጽሔቱን ወረወርኩት። አንሥቼ እንደገና አነበብኩትና እንደገና ወረወርኩት። የመስተዋት ሸራ የፈጠረ ሰው እንዲህ ያለ ማለቂያ ሲጽፍ አያፍርም?

አስካለ የምትተኩሰውን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦

«ያንተ ፊልም ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ስለ ሲኒማ ስትጠይቀኝ በጋብቻችን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ አልኳት።

«ከቅዳሴ ያነሰ ነው» አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

እኔ ስለ ሕይወቴ እጨነቃለሁ፣ እሷ ሲኒማን ከቅዳሴ ጋር ታወዳድራለች። ተናድጄ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ከማል ሱቅ ሄድኩ። በሴት ተሞልቷል። እትዬ የሺም፣ የወፍጮ ቤቷም፣ ሌሎችም። ስገባ ሁሉም ዝም አሉ። ከማል ጣቱን በመርፌ ወጋ። በቃ፣ ገባኝ፣ የምጫንበትን ቀን እያወሩ ነው፤ ምናልባት ለአስካለ ዕድር ቢጤ ሊያዋጡ ነው። ሰላምታቸውን ሳልመልስ ወጣሁ። ሰው በቁሙ ይለቀስለታል?

ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ ተለማመድኩት። ድምፄ «ጥሎ» ላይ ይሰበራል።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

በሥርዓት ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ እኔ ራሴ አላምነውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ሹሙ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከኋላ ግድግዳው ሥር በመጣለት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደብተር ጉልበቱ ላይ። ሲኞር ብሩኖ ከጎኑ ቆሟል፣ ያልበዋል። ሰዉ መግባት ጀመረ። ብዙ ነው፣ ካለፈው እሑድ ይበልጣል። ከአግዳሚዎቹ ፊት ፊት እየደረሱ ቆሙ።

አልተቀመጡም።

መጀመሪያ፣ ቦታ እስኪይዙ ነው ብዬ ነበር። መብራት ጠፋ። ቆመዋል። የመጀመሪያው ጥቅል ተጀመረ። ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ መቋሚያ ይዘው መጥተዋል፣ ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ የሺ በሰባ ዓመታቸው ቆመዋል። ከማል ቆሟል። «ተቀመጡ እንጂ» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከጋሽ ወርዶፋ በኩል፣ «ቀጥል ልጄ፣ ለምደነዋል» የሚል መጣ።

ደሜ ፈላ። እውነቴን ነው፣ የመጀመሪያ ስሜቴ ንዴት ነበር። ሊያስገድሉኝ ነው አልኩ። ሁለተኛው ስሜቴም ንዴት ነበር፤ መርከቦቹ ሲመጡ አንድ ወፍራም ሰውዬ የሸራውን ግማሽ ጋርዶብኝ ማዕበሉን አላየሁትም። ወረቀቴን ማንበብ ቀጠልኩ። ስድስት ጥቅል ሙሉ ለምን እንደቆሙ አልገባኝም። እንዲህ ደደብ ነኝ።

ሰባተኛው ጥቅል መጣ። ድንኳኑ ተከፈተ። ጃንጥላው ወጣ።

ማንም አልተነሣም። ሁሉም ከመጀመሪያው ቆመው ነበራ። እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ዝም ብለው ቆመው አዩት። ያኔ ገባኝ።

በዚህ መካከል ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሹሙ ከተቀመጠበት የሚያየው ጀርባና ነጠላ ብቻ ነው። ሰዉ ለጃንጥላው ምን እንደሚያደርግ ሊያይ ብድግ አለ። አላየም። ወንበሩ ላይ ወጣ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጃንጥላው ሲመጣ ከመቀመጫው የተነሣው እሱ ብቻ ነው። ሲኞር ብሩኖም አየው፣ ግሪኩም አየው፣ እኔም አየሁት። እሱም እንዳየነው አየ። ቀስ ብሎ ወረደ።

መጨረሻው ጥቅል ላይ አነበብኩ። «ንጉሡ ጃንጥላውን ጥሎ…» ሸራው ላይ ንጉሡ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ በእጁ ያዘው፣ ቆመ። ድምፄ ተሰበረ፣ ግን ጨረስኩት። ከጨለማው ውስጥ እትዬ የሺ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «አልጣለውም» አሉ።

መብራት ሲበራ ከሦስተኛው ረድፍ ዳር አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና ቆማለች። ዓይኗን አወቅኩት። አስካለ ናት። ሰይጣን ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ በእግሯ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ጠዋት ተጠራሁ። ከረጢቱን ይዤ ሄድኩ። ሹሙ ደብተሩን ገልጦ፣ ለምን ቆሙ አለኝ። የቂርቆስ ሰው ጸሎትም የሚያደርሰው ቆሞ ነው፣ ልማዳቸው ነው አልኩት። አንተ ነህ ያቆምካቸው? አለኝ። አላቆምኳቸውም፣ እንዲያውም ተቀመጡ ብያለሁ፣ ፊት የቆሙት ሁሉ ሰምተዋል አልኩት። እና ጃንጥላው ሲመጣ የተነሣ ሰው ነበር? አለኝ።

ዝም አልኩ። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። ምን ሊጽፍ ይችላል? በመጨረሻ ደብተሩን ዘጋና ሂድ አለኝ።

ሂድ ማለት አበቃ ማለት ይሁን፣ ወይስ ጊዜ ሳገኝ እጠራሃለሁ ማለት ይሁን አላውቅም። ፊልሙ ዛሬውኑ በሳጥኑ ታሽጎ ተመልሷል። ለሚቀጥለው እሑድ የዘፈንና የሳቅ ፊልም ይመጣል አለ ሲኞር ብሩኖ። ዝሆኖቹን ዳግመኛ አላያቸውም። ይህም አናዶኛል፣ ልዋሽ አልችልም።

ከማል ሱቅ ሄጄ ማን አሰበው አልኩት። «ሚስትህን ጠይቅ» አለኝና ማሽኑን መርገጥ ቀጠለ።

ማታ አስካለን ጠየቅኳት። ነገሩን ወደ ጎን ገፋችው። ከረጢቱን ግን ወደ በሩ ኋላ መለሰችው፤ ድርቆሹን አላወጣችም፣ ካልሲውንም። ይቀመጥ አለች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች። እግሯ አብጧል።

«ፊት ለፊቴ ከማል ቆሞ ነበር» አለችኝ። «የጃንጥላውን ጫፍ ነው ያየሁት። መጨረሻ ላይ ምን ሆነ?»

ሰምተሻል አይደል፣ አንብቤዋለሁ እኮ አልኳት።

«ያነበብከውን አልጠየቅኩህም» አለች። «ያየኸውን ንገረኝ።»

ተነሥቼ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ከመርከቦቹ ጀመርኩላት።